ማስተካከያ፦ የዎርድ ሰነዶችን በጊት ስለማስቀመጥ

ቀደም ሲል በወጣው መመሪያ፣ ለዶክኤክስ (የዎርድ) ፋይሎች «ቴክስትኮንቭ» የሚባለው ቅንብር ከተዘጋጀ፣ የፋይሎችን ስሪቶች የሚመዘግበው የጊት ፕሮግራም ማከማቻ አያብጥም ተብሎ ነበር። ትክክል አይደለም። ቴክስትኮንቭ የሚለውጠው የስሪቶች ልዩነት በስክሪን ላይ የሚታይበትን መንገድ ብቻ ነው፤ ከሚቀመጠው ፋይል ላይ አንድ ባይት እንኳ አይቀንስም።

ችግሩ ያለው ዚፑ ላይ ነው። ዶክኤክስም ሆነ ኦዲቲ (የሊብሬኦፊስ ሰነድ) የኤክስኤምኤል ፋይሎችን ዲፍሌት በሚባል የመጭመቂያ ዘዴ ጨምቆ የያዘ ዚፕ ነው። አንድ ቃል ሲታረም ከዚያ ነጥብ በኋላ ያለው የተጨመቀ ጽሑፍ በአብዛኛው ይቀየራል። ስለዚህ ጊት ከቀድሞው ስሪት ጋር የሚያመሳስለው ብዙ ነገር አያገኝም።

የሚሠራው መንገድ በ«ክሊን» ፊልተር፣ ማለትም ፋይሉ ወደ ጊት ሲገባ በሚሠራ ማጣሪያ፣ ዚፑን ፈትቶ ያለ መጭመቅ፣ ማለትም በደረጃ 0፣ እንደገና ማሸግ ነው። ፋይሉ ያድጋል፤ አያስደንግጥ። ጊት ራሱ ዜድሊብ በሚባል መጭመቂያ ይጨምቀዋል፤ ማከማቻውን የሚያጸዳው «ጊት ጂሲ» የሚባል ትእዛዝ ሲሠራ ደግሞ ተመሳሳይ ስሪቶችን በልዩነታቸው ይይዛል። ዎርድም እንዲህ የታሸገውን ይከፍታል። በኦዲቲ ግን የሰነዱን ዓይነት የሚገልጸው «ማይምታይፕ» የሚባለው ፋይል ከሁሉም ቀድሞ፣ ሳይጨመቅ መግባት አለበት። በዚፑ ውስጥ ያሉት ፋይሎች ቅደም ተከተልና ሰዓትም ቋሚ ይሁን፤ አለዚያ ማንም ያልነካው ሰነድ «ተለውጧል» ይባላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የትኞቹ ፋይሎች በየትኛው ፊልተር እንደሚያልፉ በሚናገረው የጊት አትሪቢዩትስ ፋይል ውስጥ የሚገባው የፊልተሩ ስም ብቻ ነው። ፊልተሩ የሚያስኬደው ትእዛዝ በየኮምፒውተሩ የጊት ኮንፊግ (የቅንብር ፋይል) ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ማከማቻው ክሎን ሲደረግ (ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲገለበጥ) አብሮ አይሄድም። ቀድሞ የገቡትን ሰነዶች በ«ጊት አድ» ላይ «ሪኖርማላይዝ» የሚለውን አማራጭ ጨምሮ እንደገና ማስገባት ይቻላል፤ በታሪኩ ውስጥ ያሉት የድሮ ስሪቶች ግን በዚህ አይቀንሱም።