ለአማካዩ ምስጋና ይግባውና

በዓመቱ መዝጊያ ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ ተነሥተው «የተማሪዎቻችን አማካይ አቴንዳንስ 95 በመቶ ነው» ሲሉ የማያጨበጭብ ሰው ልቡ ድንጋይ መሆን አለበት። 95 እኮ ነው! በፈተና 95 ያመጣ ልጅ ይሸለማል እንጂ «አምስቷን የት ጣልካት?» ተብሎ አይፈተሽም። ስለዚህ ይህን ቁጥር ለወለደልን ለአማካዩ፣ እሱንም በየሳምንቱ አስልተው ለሚያቀርቡልን ሁሉ የሚገባውን ውዳሴ ማቅረብ ግድ ሆኗል።

ውለታውን በስሌት እንየው። 600 ተማሪና 180 የትምህርት ቀን ያለው ትምህርት ቤት በዓመት 108,000 የተማሪ ቀን አለው። አምስት በመቶው፣ ማለትም 5,400 ቀን፣ በቀሪ ያልፋል። እንግዲህ 480ዎቹ ልጆች በአማካይ አራት ቀን ተኩል ይቅሩ፤ ጉንፋን አለ፣ የቤተሰብ ጉዳይ አለ፣ ማንም አይፈረድበት። ድምሩ 2,160 ነው። የተቀሩት 120 ልጆች ደግሞ እያንዳንዳቸው 27 ቀን ይቅሩ፤ ይህ 3,240 ይሆናል። ሁለቱን ደምሩ፤ 5,400፣ ልክ ነው። ከአምስት ልጆች አንዱ ከአንድ ወር የበለጠ ትምህርት አምልጦታል፤ አማካዩ ግን ፀጉሩ እንኳ አልተነካም። ነገር መቆፈር የሚወድ ሰው ደግሞ 300 ልጆች 18፣ 18 ቀን ቀርተው ሌሎቹ 300 አንድም ቀን ባይቀሩ ውጤቱ ያው 95 እንደሚሆን ሊያሳየን ይችላል። ግማሽ ትምህርት ቤት በጉያው ሸሽጎ የሚያሳድር እንዲህ ያለ ቁጥር ከየት ይገኛል?

18 ቀን ያልነው እንዲሁ አይደለም። በአሜሪካም በእንግሊዝም ሥር የሰደደ ቀሪ የሚባለው ከትምህርት ጊዜው 10 በመቶና ከዚያ በላይ ያጣ ልጅ ነው። ከ180 ቀን 18 መሆኑ ነው፤ በዘጠኝ ወር ሲካፈል በወር ሁለት ቀን ማለት ነው። በወር ሁለት ቀን ደግሞ ማን ልብ ይለዋል? ውበቱም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት በተከታታይ የጠፋ ልጅ ይታወሳል፣ ይፈለጋል፣ ይደወልለታል። ሁለት ቀን እየሸረፈ የሚቀረው ግን ሁልጊዜ «ትናንትና እኮ ነበረ» የሚባልለት ነው።

ጥበቡ ያለው ደማመሩ ላይ ነው። የአቴንዳንስ ወረቀት ሁሉ አሠራሩ አንድ ነው፤ በግራ ስም ወደ ታች ይዘረዘራል፣ ከላይ ቀን ወደ ጎን ይሄዳል። ወደ ታች ከደመሩ «ዛሬ ስንት ቀረ?» የሚለው ይመለሳል። ወደ ጎን ከደመሩ «ይህ ልጅ ስንት ቀን ቀረ?» የሚለው ይመጣል። የኛ ሰዎች ወደ ታች ብቻ ይደምራሉ። ወደ ጎን መደመር አደገኛ ነው፤ ስም ያመጣል። ስም ከመጣ ደግሞ ቤት አለው፣ ስልክ አለው፣ ምክንያት አለው፤ ሥራ ይበዛል። ዓርብ ዓርብ ብቻ የሚቀር ልጅ በዓመት 36 ቀን፣ ማለትም ከትምህርቱ አንድ አምስተኛውን ያጣል። ዓርብ ምን እንዳለ፣ የሚፈራው መምህር ይሁን፣ ስፖርት ልብስ ይሁን፣ የሳምንቱ ፈተና ይሁን፣ ወረቀቱ በ«ቀ» ፊደል አሰልፎ ይናገራል። እኛ ግን ወደ ታች እየደመርን ስለሆነ አልሰማንም።

ስም የሚጠራበት ሰዓትም ሊመሰገን ይገባዋል። አንዴ፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ! ስሙ ተጠርቶ «አቤት» ካለ በኋላ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አጥር ዘልሎ የሚፎርፍ ልጅ በመዝገቡ ላይ እስከ ማታ ቁጭ ብሎ ይማራል። ጥሪውን ለክፍል አለቃ የተዉ ደግሞ የበለጠ ይመስገኑ። አለቃው ለጓደኞቹ ታማኝ ነው፤ ከኋላ ወንበር በሦስት የተለያየ ድምፅ «አቤት» የሚል አንድ ጎበዝ ካለማ ክፍሉ ሞልቶ ይፈሳል።

ከዚያ ደግሞ ፈቃድ አለች። በፈቃድ የቀረ ልጅ አልቀረም። እንዲህ ያለ ተአምር ሌላ ቦታ አይገኝም። 12 ቀን በፈቃድ፣ 7 ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ ልጅ 19 ቀን አልተማረም፤ ማስጠንቀቂያው የሚጻፈው ግን ያለ ፈቃድ ከ10 ቀን በላይ ሲሆን ስለሆነ ፋይሉ እንደ ወተት ነጭ ነው። ክፍልፋይ የተማሩት ያኔ፣ እሱ በሌለበት ቀን፣ ቢሆንም ክፍልፋዩ ራሱ የፈቃድ ወረቀቱን አይቶ ወደ ጭንቅላቱ እንደሚገባ ይታመናል።

ለዘበኛውና ለበሩ ልዩ ሽልማት ያስፈልጋል። ደወል ከተደወለ ከ10 ደቂቃ በኋላ በር ይዘጋል፤ ሥርዓት ነው። 11 ደቂቃ ያረፈደው ልጅ ይመለሳል። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ከሆነ 270 ደቂቃ ነው። የ11 ደቂቃ ጥፋት በአንድ ቁልፍ ወደ 270 ደቂቃ ቅጣት አደገ። አርፋጅን ወደ ቀሪ የሚቀይር በር ባይኖረን ኖሮ እነዚያ ልጆች ስም ተመዝግቦባቸው ገብተው፣ በእረፍት ሰዓት «ምን አስረፈደህ?» ተብለው፣ ቀኑን ሙሉ ይማሩ ነበር። እንዴት ያለ ውርደት!

ከሁሉም የላቀው ግን «ወላጅ አምጣ» ነው። ልጁ ሁለት ቀን ቀረ። በሦስተኛው ቀን መጣ። ቀርተሃልና ወላጅህን ይዘህ እስክትመጣ ክፍል አትገባም ተባለ። አባት ሥራ ላይ ነው፣ እናት ሥራ ላይ ናት፤ ልጁም ጉዳዩን ለመናገር ፈርቷል። ሦስት ቀን ሄደ። ሁለት የነበረው አምስት ሆነ። ቀሪነትን በቀሪነት ማከም ይህ ነው። በሽተኛውን በበሽታው የሚያክም ሐኪም ቢኖር ፈቃዱ ይነጠቃል፤ እኛ ጋ ግን በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ተጽፏል፣ ማኅተም አለው። ለሦስት ቀን ማባረርማ ሲታከልበት፣ የፎረፈው ልጅ የሚመኘውን በይፋ አገኘ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ ደብዳቤያችንም የሚናቅ አይደለም። ለወላጅ ይጻፋል፤ የሚላከው በልጁ እጅ ነው። ቀሪውን ልጅ የቀሪነቱ መልእክተኛ ያደረገ አስተዳደር መቼም የሰው እምነት አላጣም። ስልክ ለመደወል የሚሞክሩ አንዳንድ ሰዎች አሉ፤ እነሱም በምዝገባ ቀን የተሞላውን፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ማንም ያላደሰውን ቁጥር ይደውላሉ። «የደወሉላቸው ደንበኛ...» ይላል፤ ግዴታቸውን ተወጡ።

በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ከ28,000 በሚበልጡ ቤተሰቦች ላይ ጥናት ያደረጉ ተመራማሪዎች ግን ከዚህ የቀለለ ነገር ሞክረው ነበር፤ ውጤቱም በ2018 ታትሟል። ወላጆች የልጃቸውን የቀሪ ቀን ብዛት አሳንሰው እንደሚገምቱ አዩና፣ «ልጅዎ እስካሁን ይህን ያህል ቀን ቀርቷል» የሚል ወረቀት በዓመት ጥቂት ጊዜ በፖስታ ላኩ። ሥር የሰደደው ቀሪነት በ10 በመቶና ከዚያ በላይ ቀነሰ። እኛ ይህን እንዴት እንቀበል? አንቀጽ አልተጠቀሰበትም፣ ማስፈራሪያ የለውም፣ «ለሚደርሰው ሁሉ ትምህርት ቤቱ ኃላፊነቱን አይወስድም» የምትለዋ ማሳረጊያ እንኳ የለችበትም። ይባስ ብሎ እንዲህ ያለ ወረቀት ለመጻፍ ወደ ጎን መደመር ያስፈልጋል።

ሽልማታችንንስ? ዓመቱን ሙሉ ያልቀረ ልጅ ሰርተፊኬት ይወስዳል። የሚወስደው ያለ ሰርተፊኬቱም የሚመጣው፣ ጤነኛውና ቤቱ ቅርብ የሆነው ልጅ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጥርሱን ታሞ አንድ ቀን የቀረው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ላለው 170 ቀን ምንም የሚያጓጓው ነገር የለም፤ ውድድሩ ለሱ አልቋል። ትኩሳት ይዞት ሰርተፊኬት እንዳያመልጠው የመጣው ደግሞ አጠገቡ ያሉትን በሙሉ አስነጥሶ በማግስቱ ቀሪ ያደርጋቸዋል። በካሊፎርኒያ ከ15,000 በላይ ተማሪዎችን ይዞ የተደረገ ሙከራ፣ ላለፈው አለመቅረታቸው በድንገት የተሸለሙት ልጆች ከዚያ በኋላ ይበልጥ መቅረት እንደጀመሩ አሳይቷል። እኛ ግን ሰርተፊኬቱን በቀለም ስለምናሳትመው አያሰጋንም።

ምክንያት መጠየቅ? እሱማ ቀላል ነው፤ «ስንፍና» ብሎ መጻፍ ነው። የጥርስ ሕመም፣ አስም፣ መቀርቀሪያ የሌለው የሴቶች መጸዳጃ፣ ታናሽ ወንድም የሚጠብቅ ሰው መጥፋት፣ ከመጸዳጃው ጀርባ የሚጠብቅ ጉልበተኛ፣ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ መሳቂያ ከመሆን ቤት መዋልን የመረጠ ልጅ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ተጠቃለለ። መቀርቀሪያ በሚስማር ይመታል፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ስንፍና ግን ምክር ይፈልጋል፣ ምክር ደግሞ የሰልፍ ሰዓት ላይ በድምፅ ማጉያ ይሰጣል፤ አድማጮቹም ያልቀሩት ልጆች ናቸው።

ስንት ቀን ጠፍቶ የመጣውን ልጅ አቀባበላችን ደግሞ ከሁሉ ይሞቃል። «ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» ይባላል፣ ክፍሉ ይስቃል። በሌለበት የተሰጠው ፈተና ዜሮ ይሞላለታል። ያመለጠውን ደብተር ከማን ይገልብጥ፣ የትኛውን ምዕራፍ ያንብብ፣ ማንም አይነግረውም። ሒሳብ ያለ መሠረት ይቀጥላል፣ ልጁም አልገባውም፤ ምንም ሳይገባው ደግሞ ስድስት ክፍለ ጊዜ መቀመጥ ከባድ ነው። በማግስቱ ቢቀር ያስገርማል? እኛን አያስገርመንም፤ ቀድሞውንም «ይህ ልጅ አይሆንም» ብለን ነበር።

ጥቂት አፈንጋጮች እንዳሉ አይካድም። ትምህርት በተከፈተ በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ወረቀቱን አግድም ይዘው ወደ ጎን ይደምራሉ። የ45 ተማሪ ክፍል እሩብ ሰዓት አይፈጅባቸውም። ከ20 ቀን ሁለትና ከዚያ በላይ የቀሩትን ስም ያወጣሉ፤ ከየክፍሉ አምስት፣ ስድስት ልጅ ይሆናል። ልጁ በቀረበት ዕለት፣ ረፋዱ ላይ ይደውላሉ፤ «ለምን ቀረ?» ሳይሆን «ደኅና ነው? ምን ከለከለው?» ይላሉ። ለእያንዳንዱ ስም አንድ መምህር ይመድባሉ፤ መምህሩም ጠዋት በር ላይ ልጁን በስሙ ጠርቶ «እንኳን መጣህ» ይለዋል። ወር በገባ ቁጥር ዝርዝሩን ያድሳሉ፤ የወጣ ይወጣል፣ የገባ ይገባል። የነዚህ ሰዎች ጉድ የሚታየው ስብሰባ ላይ ነው። ሌላው «95» ብሎ ሲቀመጥ እነሱ «23 ልጆች» ይላሉ። ማን ያጨበጭብላቸዋል?

ስለዚህ ስብሰባው ይቀጥል። የአቴንዳንስ ሪፖርቱ በጭብጨባ ጸድቋል። ሁለተኛው አጀንዳ ዘንድሮ ትምህርት ያቋረጡ ተማሪዎች ቁጥር በድንገት ስለ መጨመሩ ነው፤ ምክንያቱ ስላልታወቀ የሚያጣራ ኮሚቴ እንዲቋቋም ሐሳብ ቀርቧል።