የወረቀት ሳጥን ያመጣብኝ ብሶት

በእጅ የተሠራ የስጦታ ሳጥን አይቶ «ይሄማ ማሽኑ ነው የሚሠራው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ማሽኑ ምን ይሠራል? በእጅ የሚዞር ወረቀት መቁረጫ እኮ ነው፤ ሁለት ሮለር (ተሽከርካሪ ዘንግ) ነው ያለው፣ እጀታውን የማዞረው እኔ! የብረት ቅርጽ ማውጫውን፣ ማለትም ወረቀቱን በቅርጹ የሚቆርጠውን ስለታም ብረት፣ ወረቀቱ ላይ አስተካክዬ፣ ከላይና ከታች የፕላስቲክ ሰሌዳ ደርቤ፣ እንዳይንሸራተት በቴፕ ይዤ አስገባዋለሁ። ሲወጣ ዳር ዳሩ ተቆርጧል፣ መሃል ያሉት ጥቃቅን አበቦች ግን ግማሾቹ ንክች አላሉም። በዚያ ላይ ሰሌዳው ሁሌ በአንድ ፊት ሲጫኑት ይጎብጣል፣ እያገላበጡ መጠቀም ነው እንግዲህ።

ወረቀቱስ? ወፍራም ነው ተብሎ ይገዛል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቅና ነጭ ሆዱን ያሳያል። ወረቀት የራሱ የቃጫ አቅጣጫ አለው፣ በዚያው አቅጣጫ ሲታጠፍ ይታዘዛል፣ ቃጫውን አቋርጦ ሲታጠፍ ግን ያምፃል፤ ታዲያ አቅጣጫውን ማሸጊያው ላይ ቢጽፉት ምን ነበረበት?

የክዳኑን ነገር አታንሱብኝ። ከሥሩ ሳጥን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ካልሰፋ አልገባም ብሎ ይሟገታል፣ ትንሽ ከበዛ ደግሞ ሳጥኑ ወድቆ ክዳኑ ብቻ እጅ ላይ ይቀራል። ቅርጽ ማውጫዎቹ ለስስ ወረቀት የተለኩ ከሆነማ በወፍራሙ ሲሠራ ማስተካከያ የለውም፣ አለቀ።

ከሁሉም የሚያበግነኝ ግን ይሄን ሁሉ አልፎ ሙጫው እንኳ ሳይደርቅ «ለእኔም እንደዚሁ አስር ብቻ ሥሪልኝ፣ ለነገ ጠዋት» የሚለው ነው። አስር ብቻ!