ማስተካከያ፦ ለአስቸኳይ ጊዜ ስለሚያዝ የማብሰያ ነዳጅ

ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች ቀደም ሲል በተሰራጨው መረጃ፣ ከሰል ጭስ ስለሌለው መብራት ሲቋረጥ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሊነድ እንደሚችል፣ የመጠጥ ውኃም በሁለቱም ከተሞች ለ1 ደቂቃ ከፈላ በቂ እንደሆነ ተገልጿል። ሁለቱም በሚከተለው ይታረማሉ።

ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በመሆኑም ከሰል የሚነደው ደጅ ብቻ ሲሆን፣ በደሴ ብርድ የተለመደ ቢሆንም እንኳ ምድጃውን አስገብቶ መተኛት ለሞት ይዳርጋል።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ከ2000 ሜትር በላይ ደግሞ የሚመከረው ከፈላ በኋላ ለ3 ደቂቃ ማቆየት ነው። የ1 ደቂቃው መመሪያ ዝቅ ብላ ለምትገኘው ለኮምቦልቻ ይሠራል። ስለዚህ የደሴ ቤተሰብ ነዳጁን ሲያሰላ ይህን ጭማሪ ቢያስብ ይበጀዋል።

ከላምባ፣ ከኢታኖል (ከአልኮል ነዳጅ) እና ከቡታን ጋዝ አማራጮች ላምባ የተሻለ ይመስላል፤ ኢታኖል በእኩል ክብደት የላምባን ሙቀት ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሰጥም፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን ስለማይታይ ያልጠፋ ምድጃ ላይ ነዳጅ መጨመር አደገኛ ነው። አነስተኛው የቡታን ጣሳ ለኮምቦልቻ ሙቀት ይስማማል፤ በደሴ ውርጭ ሌሊት ግን ግፊቱ ስለሚቀንስ እሳቱ ይደክማል። በላምባ ምድጃ ውስጥ ቤንዚን መጨመር ግን፣ ላምባ ባይገኝም እንኳ፣ ፈጽሞ አይፈቀድም።