ጥፋቱ የካርዱ አይደለም

የዩቢሶፍት ጌም «ስታር ዋርስ አውትሎውስ» እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ለኒንቴንዶ ኮንሶል ለስዊች 2 ሲወጣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ካርድ ጌሙን አልያዘም። ካርዱ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ጌሙ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ገዢዎች ሲያማርሩ ከሠሪዎቹ አንዱ መልስ ሰጠ፦ የካርዱ የንባብ ፍጥነት አልበቃንም፣ ስለ ዋጋው መነሳቱን አላስታውስም፣ ጌሙን የሠራነው ለኤስኤስዲ (ለፈጣን ማከማቻ) ነው፣ ስዊች 2 ኋላ ነው የመጣው።

የዋጋው ነገር ከሁሉም ደካማው ነው። የካርድ ወጪ የማያሰላ አሳታሚ የት አለ? እሱ በነበረበት ስብሰባ አለመነሳቱ ሌላው ዘንድ አልተነሳም ማለት አይደለም። «ኋላ መጣ» ማለትማ ጌሙን ለኮንሶሉ አላስማማነውም ብሎ ማመን ነው።

«ሳይበርፐንክ 2077»ን እዩት። እሱም በመኪና እየበረሩ የሚያቋርጡት ሰፊ ከተማ ነው፤ ተጨማሪ ምዕራፉን ጭምር ይዞ በ64 ጊጋባይት ካርድ ወጥቷል። የስዊች 2 ስክሪን በሰከንድ 120 ጊዜ ስለሚታደስ በሰከንድ 40 ፍሬም (ምስል) የሚያሳይ ምርጫም ተጨመረለት፦ እያንዳንዱ ፍሬም እኩል ሦስት ዕድሳት ይቆያልና እንቅስቃሴው አይቆራረጥም። በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ላይ 40 እኩል አይካፈልም። «እሱ እኮ ለፕሌይስቴሽን 4 ሃርድ ዲስክም ታስቦ ነው የተሠራው» ይባላል። እኔስ ሌላ ምን አልኩ? ከታሰበበት ይቻላል።

ጌሙን ለካርዱ የማስማማቱ ሥራ ድብቅ ጥበብ የለውም። በየጎኑ 4096 ፒክሰል የሆነ የግድግዳ ቴክስቸር (ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ምስል) ለአንድ ፒክሰል አንድ ባይት በሚወስደው የተለመደ ጭመቃ 16 ሜጋባይት ነው። ጎኑ በግማሽ ሲቀነስ 4 ይሆናል። አንድ ጥግ ሲታጠፍ 50 እንዲህ ያሉ ቢነበቡ 800 ሜጋባይት የነበረው ወደ 200 ይወርዳል፤ በ7.9 ኢንች ስክሪን ላይ ልዩነቱን የሚያይ ዓይን የለም። ቀጥሎ የስፒደሩ፣ ማለትም ተጫዋቹ የሚነዳው ተንሳፋፊ ተሽከርካሪ፣ ጉዳይ አለ። በሰከንድ ስንት ሜጋባይት መነበብ እንዳለበት የሚወስነው ተጫዋቹ የሚነዳበት ከፍተኛ ፍጥነት ነው። እሱ ጥቂት ይቀነስ፣ ሩቅ ያለው ቤት በቀላል ሞዴል ይተካ፣ ከፊት ያለው ሠፈር ቀድሞ ይጫን። ይህ ካልተደረገ ተጫዋቹ ብዥ ያለ ግድግዳ ፊት ይደርሳል፣ ወይም ጌሙ መሀል ላይ ቀጥ ይላል።

የጨረር ብርሃኑን (የብርሃንን ጉዞ እያሰላ የሚያበራውን ሬይ ትሬሲንግ) በዚያ ትንሽ መሣሪያ ላይ ማስኬዳቸው ያስመሰግናቸዋል። ለብርሃኑ ጊዜ ያገኘ ቡድን ግን ለካርዱ ጊዜ አጣሁ ሊል አይችልም።

ዳታ በጊጋባይት ጥቅል እየገዛ ለሚያወርድ፣ አዲስ አበባ ላለው ጭምር፣ ቁልፍ ካርድ ሁለተኛ ሒሳብ ነው። የማውረጃው ሰርቨር የተዘጋ ዕለት ደግሞ ካርዱን አዲስ የሚገዛ ሰው የሚያወርደው ነገር አይኖርም። ዩቢሶፍት ሙሉውን ጌም በካርድ ያውጣ፤ ቴክስቸሩን አሳንሶም ቢሆን።