ማስተካከያ፦ መሪው የሚዋልል አሮጌ አይሱዙ

ባለፈው ለባሕር ዳር ሹፌሮች «መሪው ከላላ የመሪ ሳጥኑን (የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈውን ባለ ጥርስ ሳጥን) ማስተካከያ ብሎን አጥብቁት» ብዬ ጽፌ ነበር። ስህተት ነው። የጥገና መመሪያዎች እንደሚሉት ሌላው ሁሉ ሳይፈተሽ ያ ብሎን አይነካም።

መጀመሪያ የጎማ ንፋስ እዩ። ከዚያ ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ ረዳቱ መሪውን ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፣ እናንተ ከስር የመሪ ዘንጎቹን መገጣጠሚያና የሳጥኑን ማሰሪያ ብሎኖች ተመልከቱ። ቀጥሎ መኪናውን በክሪክ አንሱና፣ ከስሩ ጠንካራ ድጋፍ አስገብታችሁ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተነቃነቀ ፍሬን አስረግጡ፤ መነቃነቁ ካቆመ ችግሩ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካላቆመ ኪንግ ፒኑ (የፊት ጎማው ግራ ቀኝ ሲታጠፍ የሚዞርበት ወፍራም ፒን)።

ማስተካከያ ብሎኑ ከልክ በላይ ሲጠብቅ መሪው ከኩርባ በኋላ ወደ መሃል አይመለስም፣ የሳጥኑ ጥርሶችም ተበልተው ያልቃሉ። በእኔ ምክር ያጠበቃችሁ፣ እባካችሁ ጭናችሁ ወደ ጎንደር ከመውጣታችሁ በፊት ጋራዥ አሳዩት።