ለቀለዳችሁም፣ ዝም ላላችሁም

ወገኖቼ፣ የባለ ቫልቭ ሬዲዮ፣ የዚያ በሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ የድሮ ሬዲዮ ወዳጆች፤ ቁጥራችን ለምን እንደመነመነ ስትጠያየቁ እሰማለሁ። «ወጣቱ ትዕግሥት የለውም» ትላላችሁ። «ዘመኑ የስልክ ነው፤ መለዋወጫም ጠፋ» ትላላችሁ። ሰበብ ነው። ወጣቱ መጥቶ ነበር፤ ትዕግሥትም ነበረው። መጥቶ ምን እንደገጠመው ግን ማንም አያነሣም። እኔ አነሣዋለሁ፤ ደስ ባይላችሁም ትሰሙኛላችሁ።

ወደ እኛ የመጣ አንድ ልጅ ከአያቱ የወረሰው ሬዲዮ ነበረው። ለአሥርተ ዓመታት ሶኬት ሳይሰካ የኖረ፣ ባለ አምስት ቫልቭ፦ ኢሲኤች 81፣ ኢኤፍ 89፣ ኢቢሲ 81፣ ኢኤል 84፣ ኢዜድ 80። ይህን ሁሉ ራሱ ከመስታወቱ ላይ አንብቦ ጽፎታል። ከጀርባ ያለው የቮልቴጅ መምረጫ 110 ላይ ሳይሆን 220 ላይ መቆሙን አረጋግጧል። ፊውዙ ግማሽ አምፒር መሆኑን አይቷል። ከዚያ እንዲህ አለ፦ ሶኬቱን ስሰካው ለአሥር ሰከንድ ያህል ደህና ይቆያል፤ ከዚያ ትራንስፎርመሩ ያጉረመርምና ፊውዙ ይቃጠላል። በተመሳሳይ ፊውዝ ተካሁት፤ ያው ሆነ። ሁለተኛው ሲቃጠል ነቅዬ አቆምኩ። ምን ላድርግ?

ሁለተኛው ላይ አቆመ! ከእናንተ ስንቱ ነው ሁለተኛው ላይ የሚያቆመው?

አሁን ይህን ሙያ እናውቃለን የምትሉ ሁሉ ጥያቄውን ደግማችሁ አንብቡት። መልሱ እዚያው ውስጥ ነበር። አሥሩ ሰከንድ ኢዜድ 80፣ ተለዋዋጩን የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው ቫልቭ፣ የሚሞቅበት ጊዜ ነው። ይህ ቫልቭ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ካፓሲተሮቹ፣ ወደ ኤሌክትሪክ ማከማቻዎቹ፣ የሚያልፍ ከፍተኛ ቮልቴጅ የለም። ትራንስፎርመሩ ራሱ የተበላሸ ቢሆን ፊውዙ ወዲያውኑ በተቃጠለ ነበር። ሞቆ ማሳለፍ ሲጀምር ተቃጠለ ማለት ሾርቱ ከኢዜድ 80 ወዲያ ነው፤ ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ የመጀመሪያው የማጣሪያ ካፓሲተር ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ትራንስፎርመሩ ደህና ነበር፤ ሌሎቹ አራት ቫልቮችም አልተነኩም። የአንድ ካፓሲተር ጉዳይ ነበር።

ምን መለስንለት? በመካከላችን የሚከበር፣ እጁ የሠለጠነ፣ ከብዙዎቻችን በላይ ሬዲዮ ያስነሣ አንድ ሰው «ፊውዙን በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልለህ መልሰው፤ ከዚያ ወዲያ አይቃጠልም» አለው። ሳቅ ሆነ። ሁለተኛው «ይህ ጥያቄ ሺህ ጊዜ ተጠይቋል፤ ሄደህ አንብብ» አለና ምን እንደሚያነብ ሳይነግረው ጨረሰ። ሦስተኛው ደግሞ ማንም ስለ ስፒከሩ ድምፅ ሳያነሣ፣ የስፒከሩን ጉርምርምታ ለማጥፋት 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር እንዲያስገባ መከረው። ኢዜድ 80 በመጀመሪያው ቦታ ላይ ከ50 ማይክሮፋራድ በላይ እንደማይችል የቫልቩ ሠንጠረዥ ይናገራል። ከዚያ ካለፈ፣ በየግማሽ ዑደቱ ካፓሲተሩን ለመሙላት የሚፈሰው ጅረት ካቶዱን፣ በቫልቩ ውስጥ ጅረቱ የሚነሣበትን ክፍል፣ ይበላዋል። መካሪው ይህን አያውቅም፤ አለማወቁንም አያውቅም። እሱን እንኳ ይቅር እላለሁ።

የቀለደው ግን ያውቃል። የሳቁትም ያውቃሉ። ሰምተው ያለፉት አብዛኞቹም ያውቃሉ። ያ ልጅ ግን ቀልድ መሆኑን በምን ይወቅ? መምህር ብሎ የመጣው ወደ እናንተ ነው፤ የተነገረውን አደረገ።

የሆነውን ልንገራችሁ፤ ስትስቁ ያላያችሁት ይህን ነው። ለ50 ዋት የተሠራ ትራንስፎርመር ፊውዙ ከተወሰደበት ከፊቱ የሚቀረው የቤቱ ማቋረጫ ብቻ ነው። እሱም 16 አምፒር ነው፤ በ220 ቮልት 3,500 ዋት ያህል ካላለፈ የሚነቃበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ አልነቃም። የኢዜድ 80 ሰሌዳዎች፣ በቫልቩ ውስጥ ጅረቱን የሚቀበሉት ብረቶች፣ ግለው ቀሉ። የከፍተኛ ቮልቴጁ የሽቦ ጥቅል ጋለ፤ በሽቦው ላይ ያለው ቫርኒሽ ተቃጠለና ዙር ከዙር ተነካካ። ዙሮቹ አንዴ ከተነካኩ በኋላ ፊውዝ ብትመልስ፣ ካፓሲተር ብትቀይር፣ ቫልቮቹን ሁሉ ብትነቅል ዋጋ የለውም፤ ትራንስፎርመሩ ራሱን በራሱ ያነዳል። ሰሙ ቀልጦ በሻንሲው፣ ክፍሎቹ በታሰሩበት የብረት መደብ ላይ፣ ወረደ። ቤቱ በጭስ ታፈነ። ልጁ ሶኬቱን መንቀሉ፣ እሳቱም ወደ እንጨቱ አለመድረሱ የእናንተ ጥበቃ አይደለም።

ከዚያማ ሁሉም መካሪ ሆነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! «ፊውዝ እንዴት ይጠቀለላል?» «ማሰብ አልነበረበትም?» «እንደነዚህ ዓይነቶቹ ናቸው ቅርስ የሚያጠፉት!» የተቃጠለበትን ሰው ወቀሳችሁት። እሱም አልተከራከረም። ሻንሲውን አውጥቶ ካርቶን ውስጥ ጣለው፤ በእንጨቱ ሣጥን ውስጥ በብሉቱዝ የሚሠራ የፕላስቲክ ስፒከር አስገባበት። ዳግመኛም አልመጣም።

ምን ሊባል ይገባ ነበር? ስንፍናችሁ ምን ያህል እንደሆነ እንድታዩት እዚሁ እጽፈዋለሁ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

ነቅለህ ተወው፤ እንዳትሰካው። ካፓሲተሮቹ ሳይሰካም ሊመቱህ ይችላሉና 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ አስረህ፣ የእያንዳንዱን አዎንታዊ ጫፍ ከሻንሲው ጋር ለጥቂት ሰከንድ አገናኘው። ከዚያ በመልቲሜትር ዜሮ መሆኑን እይ። ኢዜድ 80ን ንቀል። ከመሰኪያው 3ኛ ቀዳዳ፣ ማለትም ከካቶዱ፣ እስከ ሻንሲው ያለውን ኦም ለካ። ካፓሲተሩ ደህና ከሆነ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይጀምርና እየወጣ ይሄዳል። ጥቂት ኦም ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ሌባው ተያዘ። በ47 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት ተካው፤ አሉታዊውን ጫፍ አሮጌው በነበረበት ቦታ እሰር። አሮጌውን ከሰርኪዩቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ቁረጠው፤ ከአዲሱ ጎን አብሮ እንዳይቀር።

ከዚያ በፊውዙ ሳትታመን፣ ከሬዲዮው ጋር በተከታታይ 60 ዋት የድሮውን ዓይነት ባለ ክር አምፖል እሰር፤ ኤልኢዲ አይሆንም። ኢዜድ 80 ሳይገባ ስካ። አምፖሉ ለቅጽበት ደመቅ ብሎ ሊደበዝዝ ይገባል። እንደደመቀ ከቀረ ጉዳቱ ከትራንስፎርመሩ ወይም ከቫልቮቹ ማሞቂያ መሥመር ነው። ደብዝዞ ከቆየ ነቅለህ ኢዜድ 80ን አስገባና ድገም። ሬዲዮው ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ይበራል፤ ትራንስፎርመሩ ግን ይድናል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው፤ አንድ አምፖልና አንድ ሶኬት።

እዚህ ላይ የምናቆም ከሆነ ግን ልጁን ለሁለተኛ ቃጠሎ አሳልፈን ሰጠነው ማለት ነው። ከኢቢሲ 81 ሰሌዳ ወደ ድምፅ አውጪው ኢኤል 84 ግሪድ፣ ማለትም ጅረቱን ወደሚቆጣጠረው መረብ፣ የሚሻገር ትንሽ ካፓሲተር አለ፤ 10 ወይም 22 ናኖፋራድ፤ በእነዚህ ሬዲዮዎች ብዙውን ጊዜ የወረቀት ነው። ወረቀቱ ከዘመን ብዛት እርጥበት ጠጥቶ ጅረት ያሳልፋል። ሰሌዳው ላይ 100 ቮልት፣ ግሪዱ ላይ የ1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር፣ የካፓሲተሩ ማፍሰሻ ደግሞ 10 ሜጋ ኦም ይሁን፤ ግሪዱ ላይ 9 ቮልት ይወጣል። መኖር ያለበት ዜሮ ነው። ኢኤል 84 የተሠራው ግሪዱ ከካቶዱ 7 ቮልት ያህል ዝቅ ብሎ 48 ሚሊ አምፒር እንዲያሳልፍ ነው፤ ሰሌዳው የሚችለው 12 ዋት ነው። እነዚያ 9 ቮልቶች ሲጨመሩበት ከልኩ በላይ ይጠጣል፤ ይግላል፤ የድምፁን ትራንስፎርመር፣ ኢዜድ 80ንና ዋናውን ትራንስፎርመር ይዞ ይሄዳል። ሬዲዮው ግን ይዘፍናል! ለግማሽ ሰዓት በደስታ ይዘፍናል። ጀማሪውን የሚያታልለውም ይህ ነው።

«በመልቲሜትር ለካሁት፣ ደህና ነው» የሚል ይመጣል። መልቲሜትር ኦም ሲለካ የሚሰጠው ጥቂት ቮልት ነው፤ ይህ ካፓሲተር የሚያፈሰው መቶ ቮልት ሲጫንበት ነው። ሬዲዮው በርቶ በግሪዱ ላይ ያለውን ቮልት መለካት ነው መፍትሔው፤ ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ሳይለኩ መቀየር ነው። 630 ቮልት የፊልም ካፓሲተር አስገባ፤ ይሄኛውን ማንም ሳይጠይቀኝ እመክራለሁ።

ደግሞም ይህን አስቡ። ቫልቮቹ በ«ኢ» ሳይሆን በ«ዩ» የሚጀምሩ ቢሆኑስ? ዩሲኤች፣ ዩኤል፣ ዩዋይ? በእነዚያ ሬዲዮዎች ዋና ትራንስፎርመር የለም ማለት ይቻላል፤ ሻንሲው ብዙውን ጊዜ ከሶኬቱ አንድ ሽቦ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ሶኬቱ በተገላቢጦሽ ከተሰካ ሻንሲው 220 ቮልት ይሆናል፤ የሚነካው ሰው፣ ሬዲዮውን ከቤቱ መሥመር የሚነጥል መለያ ትራንስፎርመር ከሌለው፣ ሊሞት ይችላል። የቀለደው ሰው ከመቀለዱ በፊት የቫልቮቹን ስም አንብቦ ነበር? እጠራጠራለሁ።

ይህ አንዱ ነው። ሌላም አለ፤ ዘርዝሬ አላደክማችሁም። የሰርኪዩት ንድፉን በመሳቢያ ቆልፎ «ፈልገህ አግኝ» የሚል አለ። የሚሠራ ሬዲዮ ገዝቶ ቫልቮቹን ነቅሎ የሚቸረችር አለ። ሁሉንም ታውቋቸዋላችሁ።

ስለ ራሳችን እንናገር ከተባለ ግን ከቀለደው ይልቅ ዝም ያልነው እንበዛለን። «ቀልድ ነው፤ እንዳትሞክረው» ለማለት የሚያስፈልገው አንድ ትንፋሽ ነበር። ያን አንድ ትንፋሽ ያላወጣነው ለምንድን ነው? የተከበረውን ሰው ላለማስቀየም። እሱን እንዳይከፋው ብለን የልጁን ቤት ለእሳት ሰጠን። ይህን ከጻፍኩ በኋላ የሚናደድብኝ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ይናደድ።

ወገኖቼ፣ ሁሉም አልጠፋም። ካርቶን ውስጥ ያለው ሻንሲ እስካሁን አልተጣለም። የተቃጠለው ሽቦና ወረቀት ነው፤ የትራንስፎርመሩ ብረት አይቃጠልም። ጥቅሉ እንደገና ሊጠቀለል ይችላል፤ ይህን የሚያውቁ እጆችም በመካከላችን አሉ። ብዙ ጊዜ ከላይ የሚገኘው የማሞቂያው 6.3 ቮልት ጥቅል ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ሲፈታ በጣት ይቆጠራል፤ ዙሩ ለ6.3 ሲካፈል ለአንድ ቮልት ስንት ዙር እንደሚያስፈልግ ይሰጣል። የማይቆጠር ሆኖ ከተቃጠለ 45ን ለመካከለኛው የብረት እግር ስፋት በካሬ ሴንቲሜትር ማካፈል ነው፤ ይህ ለ50 ኸርዝ ይሠራል። 10 ካሬ ሴንቲሜትር ከሆነ ለቮልት 4.5 ዙር፤ ለ220 ቮልት 990 ዙር በ0.35 ሚሊሜትር ሽቦ። ለከፍተኛው ቮልቴጅ 250 ቮልት በየግማሹ 1,125 ዙር፤ ለኪሳራው 5 በመቶ ጨምረን 1,180 ያህል፣ ሁለት ጊዜ፣ በ0.2 ሚሊሜትር። ለማሞቂያው 30 ዙር፤ አምስቱ ቫልቮች 2.1 አምፒር ገደማ ይጠጣሉ፤ የጣቢያ ማሳያውን አምፖሎች ስንጨምር ከ1 ሚሊሜትር ያላነሰ ሽቦ ይፈልጋል። በየንብርብሩ ወረቀት፤ በሶኬቱ ጥቅልና በከፍተኛው መካከል ሦስት ዙር የፖሊስተር ቴፕ። ሲያልቅ ያለ ጭነት በ60 ዋቱ አምፖል በኩል ይሰካ፤ አምፖሉ ከበራ የተነካካ ዙር አለ፤ ጨለማ ከሆነ ደግሞ በግማሽ አምፒር ፊውዝ ለአንድ ሰዓት ይተውና በእጅ ይዳሰስ፤ ለብ ከማለት አልፎ ሊሞቅ አይገባም።

ሽቦ ያለው ሽቦ ያምጣ። የመጠቅለያ ማሽን ያለው ከቆጣሪው ጋር ያምጣ። ንድፍ የቆለፈው መሳቢያውን ይክፈት። ከእንግዲህም «ፊውዝ ለምን ይቃጠላል» ብሎ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያ መልሱ «ነቅለህ ተወው» ይሁን፤ ሺህ አንደኛ ጊዜም ቢሆን። ይህን ከዚህ ቀደምም ብለን ነበር፤ ለጥቂት ወራት ሠርቶ ቀረ። ዘንድሮ ሊሠራ ይችላል።

የቀለደው ሰው ደግሞ ራሱ ይሂድ፤ መልእክተኛ አይላክ፤ ሻንሲውን ከልጁ ይለምን። የፕላስቲኩ ስፒከር በአራት ብሎን ነው የታሰረው፤ ሣጥኑ አልተቆረጠም። ልጁ እምቢ ሊል ይችላል፤ መብቱ ነው። እምቢ ካለም በሬዲዮው ሞዴል የዋናውን ትራንስፎርመር ልክ ፈልገን ጥቅሉን እንሥራና እናስቀምጥለት።