ማስተካከያ፦ የግቢ ሣር መብሳትና ዘር መደረብ

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ግቢ ላላቸው ቀደም ሲል የተሰጠው ምክር «በኤፕሪል አፈሩን በሹል ብረት ወግታችሁ ለ1000 ስኩዌር ፊት 10 ፓውንድ ዘር ዝሩ» ይል ነበር። ወቅቱ፣ መሣሪያውና የዘሩ መጠን ሦስቱም ተቀይረዋል።

ወቅቱ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው። በኤፕሪል የተዘራ ቶል ፌስኪው (በአካባቢው የተለመደ የግቢ ሣር ዓይነት) ሥሩ ሳይጠልቅ የጁላይ ሙቀት ይደርስበታል። በዚያ ላይ ክራብግራስ ለተባለው አረም መከላከያ በፀደይ የሚነሰነሰው መድኃኒት የሣሩም ዘር እንዳይበቅል ያደርገዋል።

ሹል ብረት አፈሩን ወደ ጎን ገፍቶ ይብሱን ይጠቀጥቀዋል። ባዶ ቱቦ ያለው፣ ከ2 እስከ 3 ኢንች ጠልቆ አፈር ነቅሎ የሚያወጣ ማሽን ተከራዩ። ዋዜማውን ውሃ አጠጡ፤ በደረቅ ሸክላ አፈር ላይ ማሽኑ እየዘለለ ላዩን ብቻ ይቧጥጣል። (የመስኖ ቧንቧ ጫፎች ላይ ምልክት ማድረግ አይረሳ፤ ቱቦው ይሰብራቸዋል።) ጣት የሚያካክሉትን የአፈር ቁርጥራጮች አትጥረጉ፣ በዝናብ ይፈርሳሉ።

ለ1000 ስኩዌር ፊት ከ4 እስከ 6 ፓውንድ ዘር ይበቃል፤ ግማሹን በቁመት፣ ግማሹን በአግድም በትኑት። ከዚያ በላይ ሲሆን ቡቃያው ተጨናንቆ በሻጋታ በሽታ ይረግፋል። እስኪበቅል፣ ማለትም ከ7 እስከ 14 ቀን፣ በቀን ሁለቴ ላዩን ብቻ አርጥቡ።